የእትዬ ኣምለሰት ጓሮ

ዕፀገነት ጡረታ በወጣች ሰሞን ቀኑ አልመሽ አላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ፋይል ስታወጣና ስትመልስ የኖረች ሴት ናት። ጎህ ሳይቀድ ከአያት ተነስታ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነበር የምትመለሰው፤ ሰፈሯን በብርሃን የምታውቀው እሑድ እሑድ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት አልፎታል። አንድ ልጇ አብነት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ቢሮ ተቀጥሮ፣ እዚያው አጠገብ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። በሁለት ሳምንት አንዴ ብቅ ብሎ ምሳ በልቶ ይሄዳል። እሷ ጠዋት ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ በረንዳዋ ላይ ቆማ ወደ ባቡሩ የሚጣደፈውን ሰው እያየች፣ የትም እንደማትሄድ ትዝ ሲላት ወደ ውስጥ ትገባለች።

ስልኳ ላይ ቴሌግራም የጫነላት አብነት ነው። ብቸኝነቷን አይቶ «የሸገር ጓሮዎች» የሚባል ግሩፕ ውስጥም አስገባት። ወደ ሁለት ሺህ ሰው አለበት። አንዱ በቀለም ባልዲ ያበቀለውን ቆስጣ ይለጥፋል፤ ሌላዋ በአሮጌ ጎማ የተከለችውን ጽጌረዳ። ግሩፑን የከፈቱት ጋሽ ደጀኔ፣ ገርጂ የሚኖሩ ጡረተኛ የግብርና ባለሙያ፣ ለሁሉም ሰው በየተራ መልስ ይሰጣሉ፤ ለከሳ ቃሪያ ሳይቀር የምስጋና ቃል አያጡም። ዕፀገነትም ወደደችው። ሦስት ማሰሮ ገዝታ በሶብላ፣ ጽጌረዳና ናና ተከለች። በረንዳዋ ግን የከሰዓቱ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው ነው፤ በሶብላው በሳምንቱ ደረቀ፣ ጽጌረዳዋን ክሽክሽ የሚሉት ተባይ ወረራት፣ ናናውም ቢጫ ሆኖ ቀረ። ፎቶ አንስታ ለማሳየት አፈረች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንድ በሶብላ ማኖር ያቃታት ሴት ተብላ መታየት አልፈለገችም።

ከብሎኩ ሥር፣ ምድር ላይ ባለው ቤት፣ እትዬ ኣምለሰት ይኖራሉ። ወደ ሰባ የሚጠጉ ባልቴት ናቸው፤ የአዲግራት ሰው፣ ድሮ መርካቶ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩ። ከቤታቸው ፊት፣ በግድግዳውና በአጥሩ መካከል፣ ርዝመቷ አሥራ አምስት ርምጃ የማይሞላ ቁራጭ መሬት አለች። እዚያች ላይ ያላበቀሉት ነገር የለም። ጎመኑ በመስመር ቆሟል፤ ጤና አዳሙና የሥጋ መጥበሻው ጥጉን ይዘዋል፤ ዱባው አጥሩን ወጥቶ በዚያ ማዶ ተንጠልጥሏል፤ መሐል ላይ አንዲት ሎሚ በየወሩ ታፈራለች። ከቧንቧው ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። የውሃ ሮቷቸውን በእነዚያ ቀናት ሞልተው ቀሪውን ቀን በቆርቆሮ እየቀዱ፣ ጉልበት ድረስ የሚደርስ ጥቁር ቦት አድርገው፣ ለእያንዳንዱ ሥር ያደርሳሉ።

አንድ ጠዋት፣ ወሩ መስከረም ነበር፣ ዕፀገነት ቆሻሻ ልትጥል ወረደች። ሌሊቱን ዘንቦ ጓሮው ታጥቦ አድሯል። በአጥሩ ክፍተት ስልኳን አስገብታ አንድ ፎቶ አነሳች፤ «እንደምን አደራችሁ» ብላ ለጠፈችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሳህን አጥባ ስልኳን ስታነሳ ከመቶ በላይ ልብ ተሰጥቷታል። ጋሽ ደጀኔ፦ «ዕፀገነት፣ እስከ ዛሬ የት ተደብቀሽ ነው? ይህን የመሰለ እጅ ይዘሽ ዝም ትያለሽ?» ብለው ጽፈዋል።

«የጎረቤቴ ነው» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቆም ብላ አየችውና አጠፋችው። በምትኩ «አመሰግናለሁ» ብላ ላከች። ማንም እንደማያያት እያወቀች እንኳ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ነገ እነግራቸዋለሁ እያለች ሳምንት አለፈ። ሳምንቱ ሲያልፍ ደግሞ መናገሩ ከበደ፤ ምክንያቱም በመሐሉ ሌላ ፎቶ ጠይቀዋት ሌላ ፎቶ ሰጥታለች። ሰዎች ምክር ይጠይቋት ጀመር። ጥያቄውን ይዛ ትወርድና «እትዬ፣ ቲማቲም ቅጠሉ ሲጠቀለል ምን ይደረጋል?» ብላ ትጠይቃለች። እሳቸው በደስታ ያስረዷታል፤ ዕፀገነት ወደ ላይ ወጥታ ቃል በቃል ትጽፈዋለች። እትዬ ኣምለሰት የያዙት የቁልፍ ስልክ ነው፤ ቴሌግራም የሚባለውን በስም ብቻ ነው የሚያውቁት። ይህች ሴት በስተርጅናዋ አፈር ወደደች ብለው ለጎረቤት ሲያወሩ ሰምታ፣ ያን ቀን ሳትወርድ ዋለች። በማግስቱ ግን ወረደች።

ከግሩፑ ሰዎች ሁሉ ወደ ልቧ የቀረበችው ሸይማ የምትባል ሴት ናት። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። አንድ ቀን ለብቻዋ ጻፈችላት። ጓሮሽን ሳየው ልቤ ያርፋል፣ እንዴት ነው የጀመርሽው ብላ ጠየቀች። ዕፀገነት የጀመረችው ጓሮ አልነበራትም። ያላት የእትዬ ኣምለሰት ታሪክ ነው፤ እሱንም ጻፈችው።

ታሪኩ እንዲህ ነበር። በሰሜን ጦርነቱ ሲነሳ የእትዬ ኣምለሰት ታናሽ ወንድም ቂርቆስ አዲግራት ነበር። መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ድምፁን አልሰሙም። በዚያ ጊዜ ነው የቤታቸውን ደጅ መቆፈር የያዙት። ከኮንዶሚኒየሙ ግንባታ የተረፈ የብሎኬት ስብርባሪና የደረቀ ሲሚንቶ የሞላበት ቦታ ነበር። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያሉ፣ እጃቸው እየተላጠ፣ አወጡት። ቁጭ ካልኩ አብዳለሁ ይሉ ነበር። በዚያን ጊዜ የብሎኩ ሰው ሰላምታውን አሳጥሮባቸው ነበር። ዕፀገነት ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ግን መግቢያው ላይ ድምፃቸውን ስትሰማ ወደ ቤታቸው እስኪገቡ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብላ። ስልክ ሲከፈት ቂርቆስ ከሞተ ዓመት እንዳለፈው ተነገራቸው። ለቅሶው ላይ ከእድሩ ሰዎች ጋር ሄዳ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጣ ተመልሳለች።

ለሸይማ ስትጽፍ ይህን ሁሉ የራሷ አደረገችው። የጠፋው ወንድም የእሷ ወንድም ሆነ፤ የተላጠውም እጅ የእሷ እጅ። የጦርነቱን ነገር ትታ፣ ድምፁ ጠፋብኝ ብቻ አለች። ሸይማ ወዲያው መልሳ ጻፈች። የእሷም ወንድም በሊቢያ በኩል ባሕር ሊሻገር ከወጣ አንድ ዓመት ከአራት ወሩ ነው፤ ወሬው የለም። ከዚያ አንዲት ጥያቄ አስከተለች፦ «ያንቺስ ተገኘ?»

ሞተ ብላ ብትጽፍ ግሩፑ ሰምቶ ለቅሶ ሊደርስ ቤቷ ይመጣል፤ ይህ አንድ ፍርሃት ነበር። ሌላው ደግሞ ልጅቷ አሳዘነቻት። «አዎ፣ በሰላም ተገኘ፤ ተመስገን» ብላ ላከች። ሸይማ ይህን ለእናቷ እንደምታነብላት፣ ከዚያም አልፎ በግሩፑ ላይ ስለ እሷ ጓሮና ስለተገኘው ወንድም ረጅም ጽሑፍ እንደምትጽፍ አላሰበችም። ጽሑፉ ወጣ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አላት።

ጋሽ ደጀኔ በየወሩ የአንድ ሰው ጓሮ በአካል እንጎብኝ የሚል ሐሳብ አምጥተው ነበር። የዕፀገነት ተራ ሲደርስ አንዴ ታምሜአለሁ፣ አንዴ ውሃ ጠፍቷል ብላ አስተላለፈች። በየካቲት እትዬ ኣምለሰት የእህታቸው ልጅ ዮሃና ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ስለሆነ ለሦስት ቀን ሲኤምሲ ሊሄዱ ተነሱ። የአጥሩን በር ቁልፍ ለዕፀገነት ሰጥተው ጎመኑን አደራ አሏት። ቁልፉ እጇ ሲገባ የመጣላትን ሐሳብ ራሷ ጠላችው። ግን ምሽቱን ሳትጠብቅ፣ እሑድ ከሰዓት ኑ ብላ ጻፈች። አንዴ አይተውት ቢሄዱ ነገሩ ያበቃል፣ ከዚያ ግሩፑንም ቀስ ብዬ እተወዋለሁ ብላ ራሷን አጽናናች።

እሑድ ዘጠኝ ሰው መጣ። ወንበር ከራሷ ቤት አውርዳለች፤ ሻይና ዳቦ አዘጋጅታለች። የእትዬ ኣምለሰትን ጥቁር ቦት ከበሩ ሥር አንስታ ከሮቶው ኋላ ደብቃዋለች። እንግዶቹ ጎመኑን እየነኩ፣ ሎሚዋን እያሸተቱ አደነቁ። ሸይማም መጥታ ነበር፤ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ሴት፤ አቅፋ ስትስማት ለአፍታ ሳትለቃት ቆየች። ዕፀገነት እንደ ባለቤት መሐል ቆማ ትመልስ ጀመር። የምታውቀውን በቃሏ ይዛዋለች። እንዲያውም ለጥቂት ደቂቃ ጓሮው በእውነት የእሷ የሆነ ያህል ተሰምቷት ነበር።

ሻዩ ሳያልቅ የአጥሩ በር ተከፈተ። የዮሃና ባል ወደ አያት የሚሄድበት ጉዳይ ስለነበረው እትዬ ኣምለሰትን ከቀናቸው ቀድሞ አምጥቷቸዋል። ነጠላቸውን ለብሰው፣ በፌስታል የክርስትና ዳቦ ይዘው፣ በራቸው ላይ ቆሙ።

«እንግዶች አሉሽ እንዴ፣ ዕፀገነት?» አሉ።

ጋሽ ደጀኔ ቀልጠፍ ብለው ተነስተው ወንበራቸውን ለቀቁ። «ይግቡ፣ ይግቡ። የዕፀገነትን ጓሮ ልንጎበኝ ነው የመጣነው። እርስዎ እዚሁ ነው የሚኖሩት?»

እትዬ ኣምለሰት ዞረው ዕፀገነትን አዩአት። ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። እትዬ ኣምለሰት ወንበሮቹን፣ ሻዩን፣ ፎቶ የሚያነሱትን ሰዎች በዝግታ ተመለከቱ።

«ጎረቤቷ ነኝ» አሉና ተቀመጡ።

ዳቦውን ቆርሰው ለእንግዶቹ አደሉ። አንዲት ሴት ከሥጋ መጥበሻው ለችግኝ የሚሆን ልትቆርጥ ስትታገል አይተው ግን መቻል አቃታቸው። ተነስተው ቢላውን ተቀበሏትና ከየት ላይ እንደሚቆረጥ፣ የታችኛው ቅጠል እንዴት እንደሚራገፍ አሳዩዋት። ለእያንዳንዱ እንግዳ አንዳንድ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡ። ጋሽ ደጀኔ የአሮጊቷን እጅ ሲመለከቱ ቆይተው፣ ዞር ብለው ዕፀገነትን አዩአት። ዕፀገነትም እንዳወቁ ገባት።

ሸይማ ወንበሯን ወደ እትዬ ኣምለሰት አስጠግታ ነበር። እንዲህ ያለች ጎረቤት ስላለችዎት ታድለዋል አለቻቸው። ዕፀገነት ወንድሟ በጠፋ ጊዜ ይህን መሬት በእጇ ቆፍራ እንዳለማችው፣ ይህን ካነበበች ጀምሮ እሷም እናቷም ተስፋ እንዳልቆረጡ ነገረቻቸው። «የእሷ ወንድም በሰላም ከተገኘ፣ የእኔም ይገኛል እላለሁ» አለች።

እትዬ ኣምለሰት የያዙትን ጋዜጣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ወንድሟ?» አሉ። ዕፀገነት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር። እሳቸው ግን የሸይማን እጅ ያዝ አድርገው፣ «ለተገኘለት ሰው እግዚአብሔር ይመስገን። ላንቺም ይሁንልሽ፣ ልጄ» ብቻ አሏት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ዕፀገነት ኩባያዎቹን ትሰበስባለች፤ ቀና ማለት አልቻለችም።

«ቦቴን የት አደረግሽው?» አሉ እትዬ ኣምለሰት።

ከሮቶው ኋላ አውጥታ ሰጠቻቸው። ተቀብለው ከነበረበት ቦታ መለሱት። ከዚያ ዕፀገነት መሬት ላይ ተንበርክካ እግራቸውን ልትይዝ ስትል ትከሻዋን ይዘው አስነሷት። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምሮ ሳታስቀር። እስክትጨርስ ሰሟት።

«ጓሮውን ብትወስጂው ግድ የለኝም» አሉ በመጨረሻ። «መሬቱም የእኔ አይደለም፣ የነዋሪዎቹ ማኅበር ነው። ቂርቆስን ግን ለምን ወሰድሽብኝ? ሲጠፋ እንኳ አንድ ቀን ምን ሰማሽ ብለሽ አልጠየቅሽኝም።»

እትዬ ኣምለሰት ጎመኑ ላይ የተጣለ የዳቦ ፍርፋሪ ለቀሙና ቀጠሉ። «ያቺን ልጅ ግን እውነቱን ንገሪያት። እኔንም አንድ ሰው ሱዳን አየሁት ብሎኝ ስምንት ወር ሱዳን ሱዳን ስል ከርሜአለሁ። ሊያስተዛዝነኝ ብሎ ነው እንጂ ክፋት አስቦ አልነበረም። እስካሁን ግን ይቅር አላልኩትም።»

በማግስቱ ጠዋት ዕፀገነት ለሸይማ ደወለች። ተንደርድራ ካልተናገረችው ድፍረቱ እንደሚከዳት ስላወቀች፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ነገረቻት። የጠፋው ወንድም የእትዬ ኣምለሰት መሆኑን፣ እንዳልተገኘ፣ እንደሞተ። ሸይማ፣ «እናቴን ምን ልበላት?» አለች። ዕፀገነት ይቅርታ አለቻት። ስልኩ ተዘጋ።

ለግሩፑ የጻፈችው አጭር ነው። «ከመስከረም ጀምሮ ያሳየኋችሁ ጓሮ የእኔ አይደለም። የጎረቤቴ የእትዬ ኣምለሰት ነው። የሰጠኋችሁ ምክር የእሳቸው፣ የጠፋው ወንድምም የእሳቸው ነው። አልተገኘም፤ ሞቷል። ዋሽቻችኋለሁ። የእኔ ጓሮ ይህ ነው።» ከሥሩ የበረንዳዋን ሦስት ማሰሮ ፎቶ አደረገችበት። አንዳንዱ ስድብ ጻፈ፤ አንዳንዱ ሰው መሳሳት ያለ ነው አለ፤ ብዙው ሰው ግን አይቶ ዝም አለ፤ ያ ዝምታ ከስድቡ የባሰ ነበር። ጋሽ ደጀኔ በሦስተኛው ቀን ለብቻዋ ጻፉላት፤ እሑድ ዕለት እንደገባቸው፣ በሰው ፊት ላለማሳፈር ዝም እንዳሉ፣ ከግሩፑ እንደማያስወጧት። አብነትም ከሰው ሰምቶ ደወለ። ለምን እንዳደረገችው ጠየቃት። ብቸኛ ነበርኩ ልትለው ፈለገች፤ ልጇን መክሰስ እንዳይሆንባት ብላ፣ እንጃ አለችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ረጅም ነበሩ። በብሎኩ ደረጃ ስትወርድ ሁሉም ሰው የሚያውቅባት ይመስላታል፤ ሱቅ ስትሄድ ዞራ በኋላ በር ትወጣለች። እትዬ ኣምለሰት ሲያገኟት «ደህና ዋልሽ» ይሏታል፤ ከዚያች ቃል አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ክፉ ቢናገሯት ይቀላት ነበር።

ወር ከምናምን ቆይቶ፣ አንድ ቅዳሜ ከበረንዳዋ ወደ ታች ስታይ፣ ሸይማ ከእትዬ ኣምለሰት ጋር ጎመኑ መሐል ጎንበስ ብላ አየቻት። ቤቱን ከጉብኝቱ ቀን ጀምሮ ስለምታውቀው ራሷ ነው የመጣችው። ሁለቱ የሚናገሩት አይሰማም። አንዴ ሸይማ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች፤ እትዬ ኣምለሰት መኮትኮቻውን አቀበሏት። ዕፀገነት ቀና ብለው እንዳያዩአት ወደ ውስጥ አፈገፈገች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሸይማ በየሳምንቱ ትመጣለች። ለዕፀገነት ግን ደውላላት አታውቅም፤ ደረጃው ሥር ከተገናኙም አንገቷን ሰበር አድርጋ ታልፋለች።

ግንቦት ላይ ኃይለኛ ነፋስ ነፍሶ የአጥሩን ሽቦ ጣለው። ዕፀገነት ልብስ ስትሰቅል ከታች ስሟ ተጠራ።

«ዕፀገነት፣ ነይ እስኪ ይህን ያዢልኝ።»

በነጠላ ጫማ ሮጣ ወረደች። ሽቦውን ቀጥ አድርጋ ያዘች፤ እትዬ ኣምለሰት በፒንሳ እየጠመዘዙ ከብረቱ ጋር አሰሩት። ሽቦው መዳፏን ቧጨራት፤ አልለቀቀችም። አንድ ሰዓት ያህል ሲሠሩ፣ ሳቢው፣ ላላ አድርጊው፣ ወዲህ ከሚል በስተቀር አልተነጋገሩም። ሲጨርሱ ዕፀገነት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ መሬት መሬት እያየች፣ ነገም ልምጣ ወይ ብላ ጠየቀች።

እትዬ ኣምለሰት ፒንሳውን ኪሳቸው ከተቱ። «ነገ ሸይማ ትመጣለች» አሉ። ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ «ማክሰኞ ነይ» አሏት።